«ሰብለ ወንጌል»፦ የአንድ የተጸውዖ ስም ታሪክና የመዝገብ ዕጣው

የሰው ስም በመዝገበ ቃላት ውስጥ ስፍራ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ በቃላት ምርመራ ላይ ለተሰማሩ ሁሉ የቆየ ጥያቄ ነው። አንዳንዶች የተጸውዖ ስም አንዱን ሰው ከሌላው ለይቶ ከመጥራት በቀር ትርጉም የለውምና ከመዝገብ ውጭ ይቅር ይላሉ። ይህ አስተያየት የስማቸው ትርጉም ከተረሳ ብዙ ዘመን ላለፈው ሕዝቦች የሚስማማ ይሆናል። በአገራችን ግን ስም ዛሬም ቢሆን የሚነበብ ቃል ነው። ጎረቤት ሕፃን ተወለደ ሲባል «ማን አላችሁት?» ብሎ ጠይቆ፣ ስሙን ከሰማ በኋላ ምክንያቱን ሳይጠይቅ አይሄድም።

በዚህ ጽሑፍ አንድ ስም ብቻ መርጠን ከሥርወ ቃሉ እስከ ዛሬ የመዝገብ አያያዙ ድረስ እንከተለዋለን። ስሙ «ሰብለ ወንጌል» ነው። የመረጥነውም ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በግዕዝ ሰዋስው የተሠራ ስም በአማርኛ ተናጋሪ አፍ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከሌሎች ስሞች ይልቅ ጐልቶ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ይህንና ይህን የመሳሰሉትን ስሞች ጸሐፊዎች፣ መዝጋቢዎችና ተርጓሚዎች ሁለት አድርገው እየቆረጡ ባለቤቶቻቸውን ለችግር ሲዳርጉ ይታያልና፣ ነገሩ ከትምህርት ክርክር አልፎ የሰውን ማንነት የሚነካ ሆኗል።

1. ሁለት ዓይነት ስም በአንድ አገር

ቢቸናና ሞጣ በቀድሞው የጎጃም ክፍለ ሀገር ሁለት አጎራባች አውራጃዎች ነበሩ፤ ዛሬ ሁለቱም በምሥራቅ ጎጃም ይቈጠራሉ። የደብረ ወርቅ ማርያም፣ የዲማ ጊዮርጊስና የሞጣ ጊዮርጊስ አድባራት በዚሁ አገር በመሆናቸው የግዕዝ ትምህርትና የአማርኛ ንግግር ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል። ይህ ጉርብትና በሰዎች ስም ላይ በግልጽ ይታያል።

አንደኛው ዓይነት ከቤት የሚወጣው፣ በተለምዶ የዓለም ስም የሚባለው ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የአማርኛ ግሥ ወይም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። በቢቸና አገር የፋሺስትን ጦር በመዋጋት የታወቀውን የበላይ ዘለቀን ስም ብንወስድ፣ «በላይ» ከሌላው ከፍ ያለውን፣ «ዘለቀ» ደግሞ ሳይቋረጥ የቆየውን፣ ዘልቆ የሄደውን ያመለክታል። ቃላቱን ለመረዳት አማርኛ ማወቅ ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛው ዓይነት ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው የክርስትና ስም ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ ካህኑ የሚሰጠው ይህ ስም በግዕዝ የተሠራ፣ ሁለት ቃላትን በዘርፍ ያገናኘ ነው፦ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ገብረ ሕይወት፣ ኃይለ ማርያም፣ ወለተ እስራኤል። ብዙ ሰው ሁለቱንም ዓይነት ይይዛል። በ18ኛው ምእተ ዓመት በጎንደር የነገሠችው እቴጌ ምንትዋብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። «ምንትዋብ» ውበቷን የሚያደንቅ የአማርኛ አነጋገር ነው፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስሟም ብርሃን ሞገሳ ነበር። የሞጣ ጊዮርጊስን ደብር የመሠረተችው የዚችው እቴጌ ልጅ ናት። ታሪክ የሚያውቃት ግን በግዕዝ ስሟ ወለተ እስራኤል ተብላ ነው። እንግዲህ እናቲቱ በአማርኛ ስሟ፣ ልጂቱ በግዕዝ ስሟ ታውቀው ቀርተዋል። የትኛው ስም እንደሚጸና አስቀድሞ የሚወስን ደንብ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ሰብለ ወንጌል በሠራሩ ከሁለተኛው ዓይነት የሚመደብ ነው። በአገልግሎቱ ግን፣ ወደፊት እንደምናየው፣ ወደ አንደኛው ተሻግሯል።

2. ሥርወ ቃሉና አገባቡ

«ሰብል» በግዕዝ የእህል ዛላ፣ በዕርሻ ላይ የቆመ አዝመራ ማለት ነው። ቃሉ በሴም ቋንቋዎች ዘንድ ሰፊ ዝምድና አለው፤ የዐረብኛው «ሱንቡል»ና የዕብራይስጡ «ሺቦሌት» ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። የዕብራይስጡ ቃል በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የተጻፈውን ታሪክ ያስታውሰናል። በዮርዳኖስ መሻገሪያ የቆሙት የገለዓድ ሰዎች የሚያልፈውን ሁሉ ይህን ቃል እንዲናገር ያዝዙት ነበር፤ «ሺ»ን «ሲ» ያለ እንደ ሆነ ኤፍሬማዊ መሆኑ ታውቆ ይገደል ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃሉ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ወገንን ከወገን የሚለይ ምልክት መጠሪያ ሆኗል።

ይህ ዝምድና ለእኛ ተግባራዊ ጥቅም አለው። የዕብራይስጡ «ሺን» በግዕዝ ዘወትር የሚመለሰው በእሳቱ ሰ ነው፤ ንጉሡ ሠ ግን ከሌላው የዕብራይስጥ ፊደል፣ ከ«ሢን» ጋር ይዛመዳል። ስለዚህ «ሰብለ» በእሳቱ ሰ መጻፍ ያለበት በልማድ ብቻ ሳይሆን በሥርወ ቃልም ነው። «ሠብለ» እየተባለ የሚጻፈው ስሕተት ነው ለማለት ማስረጃችን ይህ ነው።

«ወንጌል» በበኩሉ ከግሪክኛው «ኤዋንጌሊዮን» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የምሥራች ነው። ቃሉ በግዕዝ ሥር የሰደደው በ4ኛው ምእተ ዓመት በንጉሥ ዔዛና ዘመን ክርስትና በአክሱም ከገባ በኋላ መጻሕፍት ከግሪክኛ ሲመለሱ ነው። እንግዲህ ስሙ ግማሹ ከሴም ሥር የበቀለ፣ ግማሹ ከባሕር ማዶ የገባ ነው።

ሁለቱን ቃላት የሚያገናኛቸው አንዲት አናባቢ ናት። በግዕዝ ሕግ በሳድስ የሚጨርስ ስም ዘርፍ ሲይዝ መጨረሻው ወደ ግዕዝ ይለወጣል፤ «ሰብል» «ሰብለ» ይሆናል። በአማርኛ ብንመልሰው «የወንጌል ሰብል» ይሆናል። ልብ በሉ፤ አማርኛው «የ»ን ከፊት ጨምሮ የቃላቱን ተራ ሲገለብጥ፣ ግዕዙ ተራውን ሳይነካ የመጨረሻውን ፊደል ብቻ ለወጠ። ይህች «ለ» ከኋላዋ ሌላ ቃል እንደሚመጣ የምታስታውቅ ምልክት ናት፤ ለብቻዋ ስትቆም አነጋገሩ አልተፈጸመም።

የዘርፉ ትርጉም በሁለት መንገድ ሊታይ ይችላል። ወንጌል የተዘራበት መሬት ያፈራው አዝመራ ማለት ይሆናል፤ ወይም ደግሞ አዝመራው ራሱ ወንጌል ነው ማለት ይሆናል። የዘሪውን ምሳሌ በማቴዎስ ምዕራፍ 13 ላነበበ ሰው የመጀመሪያው ይቀርባል። ሁለቱንም ትርጉም ያለ ጭንቅ የሚሸከም ስም መሆኑ ቅኔ በለመደ አገር እንዲወደድ የሚያደርገው ይመስለናል።

3. ከእቴጌዎቹ እስከ ዲማ

ስሙን ከያዙት ሴቶች በታሪክ ጐልታ የምትታየው የዐፄ ልብነ ድንግል ሚስት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ናት። ልብነ ድንግል ከ1508 እስከ 1540 እ.ኤ.አ. ነገሠ፤ የእርሱም ስም «የድንግል ዕጣን» የሚል በዚያው ሕግ የተሠራ ዘርፍ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ እቴጌይቱ በደብረ ዳሞ አምባ ተጠግታ ሳለች በ1541 እ.ኤ.አ. በክርስቶፎሮስ ዳ ጋማ የሚመራው የፖርቱጋል ጦር ደረሰ፤ እርሷም ከአምባው ወርዳ ከጦሩ ጋር ተጓዘች። ልጆቿ ገላውዴዎስና ሚናስ በተከታታይ ነገሡ። ያረፈችው በ1567 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም የቀዳማዊ ዮሐንስ ሚስት፣ የታላቁ ኢያሱ እናት፣ በዚሁ ስም ትጠራ ነበር። ስሙ በቤተ መንግሥት አካባቢ የክብር ስም እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ግን ስሙን ለሰፊው አንባቢ ያደረሰው የታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን ልብ ወለድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ የዋናይቱን ሴት ስም ሰብለ ወንጌል አሉት። ደራሲው የጎጃም ሰው ናቸው፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዱም ከቢቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ታሪኩም በአብዛኛው የሚፈጸመው በዚያው በዲማ ነው።

የመጽሐፉን ስሞች በተራ ብናስቀምጣቸው ከላይ የተመለከትነው የሁለት ዓይነት ስም ልዩነት ፊት ለፊት ይመጣል። በዛብህ፣ ቦጋለ፣ ውድነሽ፣ መሸሻ፣ ጥሩአይነት፣ ካሳ፤ እነዚህ ሁሉ ከአማርኛ ንግግር የወጡ ናቸው። «ውድነሽ» የፍቅር ቃል ነው፤ «መሸሻ» መጠጊያ ማለት ነው፤ «ካሳ» የጠፋውን የሚተካ ነው። በመካከላቸው የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ብቻ የቤተ መንግሥትና የቤተ ክህነት ሽታ ያለበትን የግዕዝ ስም ይዛ ቆማለች። አባት በዘር ሐረጉ የሚመካ ባላባት ነውና ለልጁ የእቴጌ ስም ማውጣቱ ለጠባዩ የሚስማማ ነው። ግዕዝ የሚያውቅ አንባቢም ፊደል ሊያስተምራት የመጣውን የቤተ ክህነት ተማሪና የተማሪይቱን ስም ሲያገናኝ ሌላ ትርጉም ያገኛል። ስሙን «አንዲት ሴት» ከሚል ምልክት አሳንሶ የሚያይ ተርጓሚ ይህን ሁሉ ያጣል።

መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ከተነበበ ወዲህ ስሙ ማንበብ ለማይችለውም ሰው ጆሮ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ «ሰብለ» የሚለውን ስም የሰማ ኢትዮጵያዊ ብዙውን ጊዜ ፊተኛይቱን እቴጌ ሳይሆን የዲማዋን ልጅ ያስባል። ስም የሚያወጡ ወላጆችም ከወንጌሉ ይልቅ ፍቅሯንና ጽናቷን ማሰባቸው የሚያስደንቅ አይደለም። የስሙ ቃላት ሳይለወጡ የስሙ መነሻ ተለወጠ ማለት ነው።

4. ከሰሜን አገር አንድ ማነጻጸሪያ

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በኖርዌይ «ሶልቬግ» የሚባል የሴት ስም አለ። ስሙ ከጥንቱ የሰሜን ሰዎች ቋንቋ የመጣና እንደ ሰብለ ወንጌል ከሁለት ቃላት የተጣመረ ነው። ሁለተኛው ክፍል ብርታት እንደሆነ ብዙዎች ይናገራሉ፤ በመጀመሪያው ግን የቋንቋ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ «ፀሐይ»፣ አንዳንዶቹ «ቤት» ወይም «አዳራሽ» ይሉታል። ስሙ በመካከለኛው ዘመን የነበረ ቢሆንም ዛሬ ከአገሩ ውጭ ሊታወቅ የቻለው ሄንሪክ ኢብሰን በ1867 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ፔር ጊንት» በተባለው ድርሰት ምክንያት ነው። በድርሰቱ ውስጥ ሶልቬግ ርቆ የሄደውን ወዳጇን እስከ እርጅና ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ተውኔቱ በ1876 እ.ኤ.አ. በኤድቫርድ ግሪግ ሙዚቃ ታጅቦ ከታየ በኋላ ስሙ ይበልጥ ታወቀ፤ በ20ኛው ምእተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽም በኖርዌይ ለብዙ ሴቶች ልጆች የሚወጣ ስም ሆነ።

በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው መመሳሰል ግልጽ ነው። ሁለቱም ጥንታውያን ናቸው፤ ሁለቱም ጥምር ናቸው፤ ሁለቱንም አንድ ድርሰት አዲስ ሕይወት ሰጥቷቸዋል። ለተርጓሚ የሚያቀርቡት ችግርም ይመሳሰላል። ኖርዌያውያን በስሙ መጨረሻ የምትጻፈውን «ግ» አይናገሯትም፤ አነጋገራቸው ወደ «ሱልቫይ» ይቀርባል። በአማርኛ በፊደሉ ወይስ በድምፁ እንጻፈው የሚለው ጥያቄ ዛሬም የሚያከራክር ነው።

ልዩነታቸው ግን ከመመሳሰላቸው ይበልጥ ያስተምራል። የኖርዌዩ ስም ሁለት ክፍሎች ከጥንት ጀምሮ ተዋሕደው አንድ ቃል ሆነዋል፤ «ሶል»ን የልጅ ስም፣ «ቬግ»ን የአባት ስም አድርጎ የሚመዘግብ ጽሕፈት ቤት አይገኝም። የእኛው ስም ግን በሁለት ቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ይደረግ በነበረበት የብራና አጻጻፍ «ሰብለ፡ ወንጌል» ተብሎ ተጻፈ፤ ሁለት ነጥቡ ሲቀር ባዶ ስፍራ ተተካበት። ችግሩም በዚህ ባዶ ስፍራ በኩል ገባ።

5. «ሰብለ» ብቻውን ሲቆም

በዕለት ኑሮ ሙሉውን ስም የሚጠራ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው «ሰብለ» ይላል፤ ሲያቈላምጥም «ሰብልዬ» ይላል። ይህ አጠራር ለሰዋስው ተመራማሪ አስደናቂ ነው። ሌሎቹ የግዕዝ ዘርፎች ሲያጥሩ የአማርኛ መልክ ይይዛሉ፦ ኃይለ ማርያም «ኃይሌ» ወይም «ኃይሉ»፣ ገብረ ሕይወት «ገብሬ»፣ ተክለ ሃይማኖት «ተክሌ»፣ ወልደ ጊዮርጊስ «ወልዴ» ይባላል። ዘርፉን የሚጠብቀው የግዕዝ ፊደል ይወድቅና በምትኩ ኃምስ ወይም ካዕብ ይገባል። «ሰብለ» ግን እንዳለ ቀረ።

በተጨማሪም በግዕዝ ፊደል የሚጨርሱ የአማርኛ የዓለም ስሞች በብዛት ኃላፊ ግሦች ናቸው፤ እነርሱም የወንድ ናቸው፦ ዘለቀ፣ ከበደ፣ አበበ። ለሴት ሲሆኑ «ች» ይጨምራሉ፦ ዘለቀች፣ ከበደች፣ አበበች። እንግዲህ «ሰብለ» በአማርኛ ሰዋስው ብቻ ለሚመለከተው ሰው የወንድ ግሥ መልክ የያዘ የሴት ስም ነው። የዚህ ምክንያት ሊገኝ የሚችለው የጠፋውን ሁለተኛ ቃል በማስታወስ ነው። «ለ» ዛሬም ወንጌልን ትጠብቃለች፤ ተናጋሪው ግን መጠበቋን አያውቅም።

በዚህ ምክንያት «ሰብለ»ን ራሱን የቻለ ስም አድርጎ «አዝመራ ማለት ነው» ብሎ መተርጐም ግማሽ እውነት ነው። አዝመራ የሚባለው «ሰብል» ነው። «ሰብለ» ግን «የ… አዝመራ» ማለት ነው፤ የማን እንደሆነ ያልተነገረ አዝመራ ነው። ለሕፃናት ስም ትርጉም የሚሰጡ ዝርዝሮች ይህን ልዩነት ቢጠብቁ መልካም ነበር።

6. የመዝገብ ነገር

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። በኑሮ የጸናው ልማድ ግን የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም በተራ መጻፍ ነው። የወሳኝ ኵነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ከተጀመረበት ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህም የልደት ምዝገባ የስምን ነገር ከቤተሰብ ልማድ አውጥቶ የመዝገብ ነገር አድርጎታል።

አሁን አባቷ ዘለቀ፣ አያቷ ካሳ የተባሉ አንዲት ሰብለ ወንጌልን በምሳሌ እናንሣ። ስሟ በመዝገብ ሦስት ሣጥን ውስጥ ሲገባ መዝጋቢው ባዶውን ስፍራ ብቻ ተመልክቶ «ሰብለ» በመጀመሪያው፣ «ወንጌል» በሁለተኛው፣ «ዘለቀ» በሦስተኛው ቢጽፍ ውጤቱ ምንድን ነው? ወንጌል አባቷ ይሆናል፤ እውነተኛው አባቷ አያቷ ይሆናል፤ አያቷ ካሳ ከመዝገቡ ይጠፋል። ስሟ በአንዱ ወረቀት በሙሉ፣ በሌላው ተቈርጦ ከተጻፈ የትምህርት ማስረጃዋና የጉዞ ሰነዷ የሁለት ሰዎች ይመስላሉ። ወደ ውጭ አገር የሄደች እንደ ሆነም በማያውቋት ሰዎች ዘንድ «ወይዘሪት ወንጌል» ትባላለች። ይህ በፈቃድ የተደረገ በደል አይደለም፤ የአንዲት አናባቢ ሥራ ስላልታወቀ ብቻ የመጣ ነው።

የመጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጆችም ከዚህ ስሕተት ነጻ አይሆኑም። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የታላቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደራሲ ስም ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ነው። በባዶ ስፍራ የሚመራ ሰው «ወልድ»ን የአባት ስም ያደርገዋል፤ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ግን «ኪዳነ ወልድ» አንድ ስም፣ አባቱም ክፍሌ መሆኑን ከ«ነ» ይረዳል። የሰዋስው ዕውቀት እዚህ ላይ የቤተ መጻሕፍትም መሣሪያ ነው።

7. የምናቀርበው አሳብ

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት ሦስት ነገሮችን ለባልደረቦቻችን እናቀርባለን።

ሀ) ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች፦ በዘርፍ የተሠሩ የተጸውዖ ስሞች በሙሉ ቅርጻቸው ራሳቸውን ችለው ይመዝገቡ። «ሰብለ ወንጌል» በእሳቱ ሰ፣ በ«ሰብል» ሥር፣ የዘርፉ ትርጉም ተገልጦ ይግባ፤ «ሰብለ» ደግሞ አጭር አጠራር መሆኑ ተነግሮ ወደ ሙሉው ይመራ።

ለ) ለመዝጋቢዎች፦ ሁለት ቃላት ያሉት የግዕዝ ስም በአንድ ሣጥን ይጻፍ። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የቆየው አለያየት ቢጠበቅ ጉዳት የለውም፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ባዶ ስፍራው ቀርቶ እንደ አንድ ቃል ተያይዞ ቢጻፍ መቈረጡ ይቀራል። መለያው ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ቃል በግዕዝ ፊደል የሚጨርስና ለብቻው ሲነበብ አሳቡ የማይፈጸም ከሆነ፣ ቀጣዩ ቃል የአባት ስም ከመሆኑ በፊት ወላጅ ይጠየቅ።

ሐ) ለተርጓሚዎች፦ ስሙ በድምፁ ይጠበቅ እንጂ በትርጉሙ አይተካ። የስሙ ትርጉም ለታሪኩ ሥራ የሚሠራ በሆነ ጊዜ ግን ተርጓሚው ገጸ ባሕርይዋ መጀመሪያ በተጠራችበት ስፍራ በአነጋገሩ ውስጥ አግብቶ ያስረዳ። ደራሲው በሙሉ የጻፈውን በሙሉ፣ ያሳጠረውን በአጭር ይተው፤ ሰውን በሙሉ ስሙ መጥራትና በአጭር መጥራት በአማርኛ አንድ አይደለምና።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፣ የሰው ስም በመዝገበ ቃላት ስፍራ ይገባዋል እንላለን። ገና ብዙ የሚሠራ አለ። በቢቸናና በሞጣ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ፣ ስም የሚያወጡ አባቶችና እናቶች ምክንያቱን በቃላቸው ይዘዋል፤ ስሙ ለማን መታሰቢያ እንደ ወጣ፣ ከማን ሞት በኋላ እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ከለከለውና ማን እንደ መረጠው ይነግራሉ። መዝገቡ ስሙን በያዘበት ዘመን ምክንያቱ እንዳይጠፋ፣ በየአገሩ ያላችሁ የቋንቋ ሠራተኞች ከነርሱ አፍ እየሰማችሁ እንድትጽፉ እናሳስባለን።